ስለ ክብ ዙሪያና ስለ ክብ ስፋት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በሒሳብ ክበብ ስም ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



በዛሬው በዓል ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክ፣ ስለ ስፖርትና ስለ መዝሙር ብዙ መልካም ነገር ተነግሯል። እኛ የሒሳብ ክበብ አባላት ተራው ሲደርሰን የመረጥነው ርእስ ግን ሲሰሙት ደረቅ የሚመስል ነው፤ ይኸውም የክብ ዙሪያና የክብ ስፋት እንዴት እንደሚገኝ ነው። ስማችን ራሱ ክበብ ስለ ሆነ፣ ስለ ክብ ብንናገር ማንም አይፈርድብንም ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ርእሱን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከእኛ መካከል የክብን ሁለት ደንቦች በቃሉ ያልያዘ ተማሪ የለም። ዙሪያው ሁለት ጊዜ ፓይ ጊዜ ሬዲየስ ነው፤ ስፋቱ ፓይ ጊዜ ሬዲየስ ጊዜ ሬዲየስ ነው እንላለን። ነገር ግን ፈተናው ካለፈ ከአንድ ወር በኋላ የትኛው የዙሪያ፣ የትኛው የስፋት እንደ ሆነ ሲጠየቅ የሚያመነታው ብዙ ነው። ከዚህም የሚብስ አለ። ለዕረፍት ወደ ቤቱ የሄደውን ተማሪ አባቱ፦ «ልጄ፣ ይህ ጎተራ ስንት ኩንታል ይይዛል?» ብለው ሲጠይቁት መልሱ ዝምታ የሆነ እንደ ሆነ፣ አባት በልባቸው፦ «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ሲማር ኖረ?» ማለታቸው አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ስለዚህ መልስ ይገባዋል።

እኛም ዛሬ ለማሳየት የምንፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። እነዚህ ደንቦች ከሰማይ የወረዱ ቃላት አይደሉም። ምክንያታቸው በገመድ፣ በክርና በሰፌድ ሊታይ ይችላል። ደንቡን በቃሉ ብቻ የያዘ ሰው ይረሳዋል፤ ምክንያቱን የያዘ ሰው ግን ቢረሳው እንኳ እንደ ገና ያገኘዋል፤ በገበያም ሆነ በመሬት ክፍያ አይታለልም።

ክብ ምንድን ነው?

ክብን ለመሥራት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። በገጠር ክብ ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ በቦታው መካከል ችካል ይተክላል። ከችካሉ ላይ ገመድ ያስራል፤ በገመዱ ጫፍ ሹል እንጨት ይይዝና ገመዱን ወጥሮ ይዞራል። ሹሉ እንጨት በመሬት ላይ የተወው መስመር ክብ ነው። በመጽሐፋችን ክብ ማለት ከአንድ መካከለኛ ነጥብ እኩል የራቁ ነጥቦች ሁሉ መስመር ነው ተብሎ ተጽፏል። ሠሪው ይህን አላነበበም፤ ነገር ግን ገመዱ ስለማይረዝምና ስለማያጥር ትርጓሜውን በእጁ ፈጽሞታል።

ችካሉ የቆመበት የክቡ መካከል ነው። የገመዱ ርዝመት ሬዲየስ ይባላል። ከዳር ተነሥቶ በመካከሉ በኩል አልፎ እስከ ማዶው ዳር የሚደርሰው ርዝመት ዲያሜትር ይባላል፤ ስለዚህ ዲያሜትር ማለት ሁለት ሬዲየስ ነው። መስመሩ ዞሮ እስኪገጥም ያለው ርዝመት ዙሪያ ነው። በመስመሩ ውስጥ የታጠረው ወለል ደግሞ ስፋት ነው። ዙሪያ የሚለካው በሜትር ነው፤ ስፋት የሚለካው ግን በካሬ ሜትር ነው። ይህን ልዩነት አጥብቀን እንድንይዝ እንለምናለን፤ ኋላ ያስፈልገናልና።

በአገራችን ያሉት ክብ ቤተ ክርስቲያኖችም የዚህ ጥበብ ምስክሮች ናቸው። ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቅድስቱና መቅደሱ በየተራ ይከተላሉ፤ መቅደሱም አብዛኛውን ጊዜ በክቡ መካከል የቆመ አራት ማዕዘን ነው። ክብንና አራት ማዕዘንን በአንድ መካከል ላይ እንዲስማሙ አድርጎ የተከለ ሰው፣ ስሙን አይጥራው እንጂ ጂኦሜትሪን የሚያውቅ ሰው ነው።

ዙሪያው እንዴት ይገኛል?

በፊታችሁ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ክብ ነገሮች ተቀምጠዋል፤ የጣሳ ክዳን፣ ሰፌድና የጋሪ ጎማ። የክበባችን አባላት የእያንዳንዱን ዲያሜትርና ዙሪያ በክር ለክተዋል። የክዳኑ ዲያሜትር 10 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ዙሪያው 31 ተኩል ያህል ሆነ። የሰፌዱ 42 ሲሆን ዙሪያው 132 ሆነ። የጎማው 63 ሲሆን ዙሪያው 198 ሆነ። እንግዲህ ዙሪያውን ለዲያሜትሩ ብታካፍሉት በሦስቱም ላይ የሚገኘው ሦስት ከጥቂት ትርፍ ጋራ ነው። አንዱ ቆርቆሮ፣ አንዱ ሣር፣ አንዱ እንጨትና ብረት ነው፤ መጠናቸውም የተለያየ ነው። ቁጥሩ ግን አንድ ነው። ፓይ የምንለው ይህ ቁጥር ነው።

ቁጥሩ ከሦስት እንደሚበልጥ ያለ ክርም ማወቅ ይቻላል። ኮምፓሳችሁን ወስዳችሁ ክብ ሥሩ፤ ከዚያም ኮምፓሱን ሳትከፍቱና ሳትዘጉ በክቡ ዳር ላይ እያራመዳችሁ ምልክት አድርጉ። ልክ በስድስት እርምጃ ወደ ተነሣችሁበት ትመለሳላችሁ። ስድስቱን ምልክቶች በቀጥታ መስመር ብታገናኟቸው ስድስት ጎን ያለው ቅርጽ ይሆናል። እያንዳንዱ ጎን አንድ ሬዲየስ ስለ ሆነ የቅርጹ ዙሪያ ስድስት ሬዲየስ፣ ማለት ሦስት ዲያሜትር ነው። ከአንዱ ምልክት ወደ ሌላው ሲሄዱ ቀጥተኛው መንገድ ከጠማማው ያጥራል። ስለዚህ የክቡ ዙሪያ ከሦስት ዲያሜትር ይበልጣል። በሌላ በኩል ክቡን በውስጡ የያዘ አራት ማዕዘን ሣጥን ብንሥልበት የሣጥኑ ዙሪያ አራት ዲያሜትር ነው፤ ክቡም ከዚህ ያንሳል። ስለ ሆነም ቁጥሩ በሦስትና በአራት መካከል ነው። እስከዚህ ድረስ ያመናችሁት እኛን አይደለም፤ ራሱን ምክንያቱን ነው።

በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በ7ኛው ምዕራፍ ለንጉሥ ሰሎሞን ስለ ተሠራው የናስ ኩሬ ተጽፏል። ከዳር እስከ ዳር 10 ክንድ፣ ዙሪያውም 30 ክንድ እንደ ነበረ ይነገራል። በዚህ ምክንያት የጥንት ሰዎች ሦስት እጥፍ ብቻ ያውቁ ነበር የሚሉ አሉ። ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ የኩሬው ውፍረት አንድ ጋት እንደ ነበረ ተጽፏል። በተጨማሪም ስለ ሥራ የሚናገር ሰው መጠኑን በሙሉ ቁጥር መናገሩ የተለመደ ነው። እኛም ዛሬ ቤቱ ስድስት ሜትር ነው ስንል ጣቱን አንቆጥርም።

ከዚህ በላይ ጠልቆ የሄደው በሲሲሊ ደሴት በሲራኩስ ከተማ የኖረው አርኪሜድስ ነው። ከልደተ ክርስቶስ በፊት ከ287 ገደማ እስከ 212 ድረስ ኖረ፤ በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አርኪሜድስ ከስድስት ጎን ተነሥቶ ጎኖቹን ወደ 12፣ ወደ 24፣ ወደ 48፣ በመጨረሻም ወደ 96 አበዛቸው። አንዱን ባለ 96 ጎን ቅርጽ በክቡ ውስጥ፣ ሌላውን በክቡ ውጭ አድርጎ አሰላ። ያገኘውም ውጤት ዙሪያው ከዲያሜትሩ ሦስት እጥፍና ከሰባት አንድ ያንሳል፤ ከሦስት እጥፍና ከ71 አሥር ይበልጣል የሚል ነው። እኛ በክፍል ውስጥ 22 በ7 ብለን የምንጠቀምበት ቁጥር እንግዲህ የአርኪሜድስ የላይኛው ወሰን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። አርኪሜድስ ቁጥሩ ይህ ነው ብሎ አልደመደመም። ከዚህ አይበልጥም፣ ከዚህ አያንስም አለ እንጂ። የማያውቀውን ያህል እንኳ ለክቶ ተናገረ። በእኛ አስተያየት ይህ ከቁጥሩ የማያንስ ትምህርት ነው፤ የታመነ ምስክር ያየውንና ያላየውን ለይቶ የሚናገር ነውና።

ከእርሱ በኋላም ሥራው አልቆመም። ከ429 እስከ 500 በቻይና የኖረው ዙ ቾንግዢ 355 በ113 የሚለውን ክፍልፋይ አገኘ፤ ይህም ከነጥብ በኋላ እስከ ስድስት አኃዝ ድረስ ትክክል ነው። በዌልስ የተወለደው ዊልያም ጆንስ በ1706 ይህን ቁጥር በግሪክ ፊደል በፓይ ጻፈው፤ የስዊስ ተወላጁ ኦይለርም ከተጠቀመበት ወዲህ በዓለም ሁሉ ተለመደ። በ1761 ላምበርት የተባለ ሊቅ ፓይ ፈጽሞ በሁለት ሙሉ ቁጥሮች ክፍልፋይ ሊጻፍ እንደማይችል አረጋገጠ። ስለዚህ አኃዞቹ አያልቁም፤ በአንድ ዓይነት ተራም አይደጋገሙም። በ1882 ደግሞ ሊንደማን የተባለ የጀርመን ሊቅ ከዚህ የጠለቀውን ነገር አረጋገጠ። ከእርሱም ሥራ የተነሣ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ከክብ ጋራ በስፋት እኩል የሆነ አራት ማዕዘን መሥራት እንደማይቻል ታወቀ። በ2022 በኮምፒውተር የተሰሉት አኃዞች 100 ትሪሊዮን ደረሱ፤ ከዚያም በኋላ ይህ ቁጥር ታልፏል።

ይህን ሁሉ አኃዝ ምን እናደርገዋለን? ለቤት ሥራ 22 በ7 ይበቃል። ሬዲየሱ 3 ሜትር ተኩል የሆነ ቤት በ22 በ7 ሲሰላ ዙሪያው 22 ሜትር ነው። በትክክለኛው ፓይ ሲሰላ ከዚህ የሚጎድለው 9 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ይህም ከአንድ ጣት ውፍረት ያነሰ ነው። ወደ ሌሎች ፕላኔቶች መንኮራኩር የሚልኩት የአሜሪካ መሐንዲሶች እንኳ ለመንገድ ስሌታቸው የሚጠቀሙት ከነጥብ በኋላ 15 አኃዝ ነው። ስለዚህ የሒሳብ ጥበብ ብዙ አኃዝ መደርደር አይደለም፤ ለያዙት ሥራ የሚበቃውን ማወቅ ነው።

ከዙሪያ ሳንወጣ ወደ ሰፌዱ እንመለስ። ሰፌድ የምትሰፋ እናት ከመካከል ተነሥታ አክርማውንና ስንደዶውን በወስፌ እየወጋች በዙር በዙር ታሳድገዋለች። እያንዳንዱ ዙር አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖረው፣ አዲሱ ዙር ካለፈው የሚበልጠው በሁለት ጊዜ ፓይ፣ ማለት በ6.28 ሴንቲ ሜትር ነው። ሰፌዱ ትንሽ ቢሆን ትልቅ ቢሆን ጭማሪው ያው ነው። አሁን የምንናገረውን ስትሰሙ አትደነቁ። የምድር ወገብ ዙሪያ 40,075 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያ ላይ ገመድ ተጠምጥሞ ቢሆንና በየቦታው ከምድር አንድ ሜትር ከፍ እንዲል ብንፈልግ፣ የሚቀጠለው ገመድ ስንት ኪሎ ሜትር ይመስላችኋል? 6 ሜትር ከ28 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሬዲየሱ አንድ ሜትር ሲጨምር ዙሪያው ስድስት ሜትር ከጥቂት ይጨምራል፤ ይህ ለሰፌድም ለምድርም አንድ ሕግ ነው።

ስፋቱ እንዴት ይገኛል?

እንግዲህ ወደ ስፋት ደርሰናል። እዚህም ሰፌዱ መምህራችን ይሁን። እናቶቻችን እንዳይቆጡን ብለን ሰፌድ አልቆረጥንም። በእርሱ ፈንታ ወፍራም ክር በካርቶን ላይ ከመካከል እስከ ዳር ዙር በዙር ጠመጠምን። ከዚያም ከዳር እስከ መካከል በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ በምላጭ ቈረጥነው። ዙሮቹ ሁሉ ተፈትተው ቀጥ አሉ። የውጭው ዙር ከሁሉ ይረዝማል፤ የሚቀጥለው ጥቂት ያጥራል፤ እንዲህ እያለ የመካከሉ ዙር ነጥብ ያህል ይቀራል። በየተራ አንዱን በሌላው ላይ ስንደረድራቸው አሁን በሰሌዳው ላይ የምታዩት ሦስት ማዕዘን ሆነ።

የዚህ ሦስት ማዕዘን መሠረት የውጭው ዙር ነው፤ ይህም የክቡ ዙሪያ ነው። ቁመቱ ከዳር እስከ መካከል ያለው ነው፤ ይህም ሬዲየሱ ነው። ክሩ ያው ክር ነው፤ አልተጨመረበትም፣ አልተቀነሰበትም። ስለዚህ የክቡ ስፋት ከሦስት ማዕዘኑ ስፋት ጋራ እኩል ነው። የሦስት ማዕዘን ስፋት ደግሞ የመሠረቱ እኩሌታ በቁመቱ ሲባዛ እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እንግዲያው የክብ ስፋት የዙሪያው እኩሌታ በሬዲየሱ ሲባዛ ነው። ዙሪያው ሁለት ጊዜ ፓይ ጊዜ ሬዲየስ ከሆነ እኩሌታው ፓይ ጊዜ ሬዲየስ ነው። ይህን እንደ ገና በሬዲየስ ስናባዛው ፓይ ጊዜ ሬዲየስ ጊዜ ሬዲየስ ይሆናል። በቃላችን የምንይዘው ደንብ እነሆ በእጃችን ተገኘ።

ክሩ ውፍረት ስላለው የሦስት ማዕዘኑ ጎን ጥቂት የመሰላል ደረጃ ይመስላል የሚል ቢኖር እውነቱን ነው። ክሩ እየቀጠነ በሄደ መጠን ግን ደረጃው እየጠፋ ይሄዳል። አርኪሜድስም ይህን ጥርጥር ለማስወገድ፣ የክቡ ስፋት ከሦስት ማዕዘኑ ይበልጣል ቢባል እርስ በርሱ የሚቃረን ነገር እንደሚመጣ፣ ያንሳል ቢባልም እንዲሁ እንደሚሆን አሳየ። የማይበልጥና የማያንስ እኩል ከመሆን በቀር ሌላ መንገድ የለውም።

ከአርኪሜድስ በፊት የነበሩት የግብጽ ሰዎችም የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ1550 ገደማ አሕሞስ የተባለ ጸሓፊ በፓፒረስ ላይ የጻፈው ዘዴ እስከ ዛሬ ይገኛል። ዘዴውም ከዲያሜትሩ ከዘጠኝ አንዱን ቀንስ፤ የቀረውን በራሱ አባዛ የሚል ነው። ዲያሜትሩ 9 ቢሆን 8 ይቀራል፤ ስፋቱም 64 ይሆናል። ዛሬ ስናሰላው 63.6 ያህል ነው። በዓባይ ዳር እርሻውን ለሚለካ ሰው ይህ እጅግ የተመሰገነ ቅርበት ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ደንቦች የሚያደባልቅ ጓደኛ ካለ አንድ ምልክት እንስጠው። ዙሪያ ርዝመት ነው፤ በሜትር ይለካል፤ ስለዚህ በደንቡ ውስጥ ሬዲየስ አንድ ጊዜ ብቻ ይገኛል። ስፋት ግን በካሬ ሜትር ይለካል፤ ስለዚህ ሬዲየስ በሬዲየስ ይባዛል። ደንቡ ራሱ የማን እንደ ሆነ ይናገራል።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል?

በመጀመሪያ ምጣድን እንውሰድ። የአንዱ ምጣድ ዲያሜትር 50፣ የሌላው 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ የሁለተኛው ብልጫ ከአምስት አንድ ብቻ ይመስላል። ስፋቱ ሲሰላ ግን የመጀመሪያው 1,963 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ የሁለተኛው 2,827 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሊጡ በእኩል ውፍረት ቢፈስ፣ ትልቁ እንጀራ ከትንሹ አንድ እጥፍ ተኩል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሊጥ ይፈልጋል። ለድግስ እንጀራ የሚያስጋግርም፣ እንጀራ ከገበያ የሚገዛም ይህን ማወቅ ይገባዋል።

ሁለተኛው ቤት ነው። ሬዲየሱ 3 ሜትር ተኩል የሆነ ቤት ዙሪያው 22 ሜትር፣ ወለሉ 38.5 ካሬ ሜትር ነው። ገመዱን እጥፍ አድርገን በ7 ሜትር ብንተክለው ዙሪያው 44 ሜትር ይሆናል፤ ለግድግዳው የሚያስፈልገው እንጨትና ጭቃ በቁመት ካልተለወጠ እጥፍ ነው። ወለሉ ግን 154 ካሬ ሜትር፣ ማለት አራት እጥፍ ነው። የጣሪያው ቁልቁለት ያው ከሆነ ሣሩ ወይም ቆርቆሮውም አራት እጥፍ ነው። ገመዱን እጥፍ አድርጎ ክዳኑን እጥፍ ብቻ ያዘጋጀ ሰው ዝናቡ በእኩሌታው መንገድ ላይ ያገኘዋል።

ሦስተኛው ጎተራ ነው። ቁመታቸው እኩል የሆነ ሦስት ጎተራዎች አሉ እንበል። የአንዱ ዙሪያ 8 ክንድ ነው፤ የሁለቱ ዙሪያ እያንዳንዳቸው 4 ክንድ ነው። አንድ ነጋዴ መጥቶ፦ «4ና 4 ስምንት ነው፤ ሁለቱን ትንንሾች ልስጥህና ትልቁን ከነእህሉ ስጠኝ» ቢል ነገሩ ቅን ይመስላል። ነገር ግን ዙሪያው እኩሌታ የሆነ ጎተራ ስፋቱ ከአራት አንድ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ትንንሾች አብረው የሚይዙት የትልቁን እኩሌታ ነው። ገበሬው በአንድ ቃል የዓመት ድካሙን እኩሌታ ያስረክባል። ሒሳብ የማያውቅ ሰው የሚታለለው ሁልጊዜ በውሸት አይደለም፤ እውነት በሚመስል ድምር ነው።

ለአባታችን ጥያቄም አሁን መልስ እንስጥ። ጎተራው እንደ በርሜል ቀጥ ያለ ከሆነ ዙሪያውን በገመድ እንለካለን፤ ገመዱ በውጭ ስለሚያልፍ የግድግዳውን ውፍረት ማውጣት አለብን። የውስጡ ዙሪያ 4 ሜትር ከ40 ሴንቲ ሜትር ሆነ እንበል። በ22 በ7 ብናካፍለው ዲያሜትሩ 1.4፣ ሬዲየሱ 0.7 ሜትር ነው። የዙሪያው እኩሌታ 2.2 በ0.7 ሲባዛ የመሬቱ ስፋት 1.54 ካሬ ሜትር ነው። እህሉ እስከ 1 ሜትር ተኩል ቢሞላ ይዘቱ 2.31 ሜትር ኩብ ይሆናል። የደረቀ ስንዴ በአንድ ሜትር ኩብ በግምት 7 ኩንታል ተኩል ይመዝናል። እንግዲህ ጎተራው 17 ኩንታል ያህል ስንዴ ይይዛል። ይህን ለማግኘት ያስፈለገን ገመድ፣ እርሳስና ጥቂት ደቂቃ ነው።

አራተኛው ነገር የመሬት ነው፤ በመሬት ምክንያት ስንት ወንድማማች እንደሚቀያየም ወላጆቻችን ከእኛ ይበልጥ ያውቃሉ። ዙሪያው 440 ሜትር የሆነ መሬት ሦስት ዓይነት መልክ ሊኖረው ይችላል። አንዱ ርዝመቱ 180፣ ወርዱ 40 ሜትር ቢሆን ስፋቱ 7,200 ካሬ ሜትር ነው። ሁለተኛው አራቱም ጎኑ 110 ሜትር ቢሆን ስፋቱ 12,100 ካሬ ሜትር ነው። ሦስተኛው ሬዲየሱ 70 ሜትር የሆነ ክብ ቢሆን ስፋቱ 15,400 ካሬ ሜትር ነው። አጥሩ በሦስቱም አንድ ነው፤ የሚያበቅሉት እህል ግን አንድ አይደለም። ዙሪያውን ብቻ ለክተው እኩል ተካፈልን የሚሉ ወንድማማቾች አንዱ ሌላውን ሳያውቅ ይበድለዋል። በዚህ ዓይነት ክፍያ ላይ ሊነሣ የሚችለውን ጠብ አንድ ወጣት በገመድና በወረቀት ቢያበርደው፣ ትምህርቱ ለቤተ ሰቡ ፍሬ ሰጠ ማለት ነው።

ከዚህ ደግሞ የምንረዳው አለ። ዙሪያቸው እኩል ከሆነ ቅርጾች ሁሉ የሚበልጠውን ስፋት የሚይዘው ክብ ነው። አባቶቻችን ቤታቸውንና ጎተራቸውን ክብ አድርገው ሲሠሩ በጥቂት ግድግዳ ብዙ ቦታ አግኝተዋል። ይህን በሥራ ያወቁትን ነገር እኛ በቁጥር ስናገኘው፣ የቤትና የትምህርት ቤት ዕውቀት ባላንጣዎች አለመሆናቸውን እናያለን። ገመዱ የእነርሱ ነው፤ ስሌቱ የእኛ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሥራው ይቃናል።

የተወደዳችሁ ታናናሾቻችን፤ እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ፈጽመን እንሄዳለን፤ እናንተ ግን ትቀራላችሁ። ደንብ ሲሰጣችሁ ለምን ብላችሁ ለመጠየቅ አትፈሩ። መምህራችን «ጥሩ ጥያቄ ነው» ቢሉ ደስ ይበላችሁ፤ «ሂድና ለካ» ቢሉ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይበላችሁ። ክርና ኮምፓስ ከብዙ ማስታወሻ ደብተር የሚበልጥበት ቀን አለ።

ክቡራን መምህራን፤ ደንቡን ከነምክንያቱ ስላስተማራችሁን ከልብ እናመሰግናለን። በክፍል ውስጥ ጊዜ ሲያጥርና ፈተና ሲቀርብ ምክንያቱን ዘልሎ ደንቡን ብቻ ማስጻፍ እንደሚቀል እናውቃለን። ከእኛ በኋላ ለሚመጡትም ምክንያቱ እንዳይቀርባቸው አደራ እንላለን።

ክቡራትና ክቡራን ወላጆቻችን፤ ለትምህርታችን የከፈላችሁት ብዙ ነው፤ መልሱን በቃል ብቻ ልንሰጣችሁ አንፈልግም። ስለዚህ ልጆቻችሁ ለዕረፍት ሲመጡ ጎተራውን አሳዩአቸው፤ ምጣዱን አሳዩአቸው፤ የሚሠራውን ቤት ወይም የሚካፈለውን መሬት አሳዩአቸው። ገመዱንም ስጧቸውና ጠይቋቸው። ያን ጊዜ የተማሩት ነገር ምን እንደ ሆነ እናንተም እነርሱም በአንድነት ታያላችሁ።